የአራት ቱቦዎች ፍለጋ

ከጥቅምት እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ ከኪሴ የማይለዩ ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ ካሊፐር፣ የብሎን ጥርስ መለኪያና ጣት የምታክል ተቆርጣ የቀረች የብረት ቱቦ። ቱቦዋን ለየባለሱቁ እያሳየሁ «የዚህ ጫፍ ፊቲንግ፣ ማያያዣ፣ አለህ?» እያልኩ የድሬዳዋን ሰፈሮች፣ መጋላን፣ ከዚራንና ሳቢያንን አዳረስኩ። አሁን ሥራው ካለቀ በኋላ መለስ ብዬ ሳየው፣ እነዚያ ወራት የባከኑት ዕቃው ከድሬዳዋ ስለጠፋ ሳይሆን ጥያቄዬ ከመነሻው የተሳሳተ ስለነበረ ነው። የናፍታ ሞተር የከፍተኛ ግፊት ቱቦ፣ ማለትም ናፍታውን ከሚገፋው ፖምፓ ወደ ሲሊንደሩ ወደሚረጨው ኢንጀክተር የሚያደርሰው፣ ለብቻው የሚገዛ ፊቲንግ የለውም ማለት ይቻላል፤ ፊቲንጉ የቱቦው ጫፍ ራሱ ነው። ይህን ለመረዳት ግን ብዙ በር ማንኳኳት ነበረብኝ።

ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ባል ነው። ኤረር ላይ የብርቱካንና የማንጎ ማሳ አለው፤ ውሃ የሚስብበት አሮጌ ሞተር ከጥገና በላይ ሲሆንበት አዲስ ከመግዛት ይልቅ እኔ ከቁርጥራጭ አንድ ሞተር እንድሠራለት ተስማማን። ያገኘነው ባለአራት ሲሊንደር የአይሱዙ የጭነት መኪና ሞተር ነበር። ብሎኩ፣ ክራንክ ሻፍቱና ቴስታታው ደህና ነበሩ፤ ፖምፓውና ቱቦዎቹ ግን እኛ ከመድረሳችን በፊት ለሌላ ሰው ተሽጠዋል። ስለዚህ ከሌላ ፋብሪካ ሞተር ላይ የወረደ፣ አራቱ መውጫዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ፖምፓ ገዛን። የመዞሪያ አቅጣጫውና 1፣ 3፣ 4፣ 2 የሆነው ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጭበት ቅደም ተከተል ከሞተራችን ጋር ስለገጠመ ትልቁ ጣጣ ያለፈ መስሎኝ ነበር። ማቀፊያውንና ማያያዣውን በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫ ማሽን፣ አሠርተን ስንገጥመው ፖምፓው ከቀድሞው ቦታ አንድ ጋት ያህል ወደ ኋላ ስለተቀመጠ፣ የየትኛውም ፋብሪካ ቱቦ እንዳለ መጥቶ የሚገጥምለት አልሆነም።

ይህ ቱቦ ምን እንደሚሸከም መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ድሬዳዋ ውስጥ ካነጋገርኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ፣ መካኒኮችም ጭምር፣ የናፍታ ቱቦ ሲባል ከታንከር ወደ ፊልትሮ የሚመጣውን ለስላሳ ጎማ ነበር የሚያስቡት። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ2 እስከ 2.5 ባር ገደማ ነው። የእኔ ኢንጀክተሮች የሚከፈቱት በ185 ባር ሲሆን፣ ኢንጀክተሩ ከተከፈተ በኋላ እንኳ ፖምፓው መግፋቱን ስለማያቆም በእንዲህ ዓይነት ሞተር ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ለቅጽበት ከ500 ባር በላይ ይወጣል። ያውም ይህ ግፊት ባለበት የሚቆም ሳይሆን በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ እየተነሣ የሚወድቅ ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቱቦ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ስለዚህም ነው ቱቦው ስፌት የሌለው ብረት የሚሆነው፤ ውጪው 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውስጡ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው፣ ማለትም ግድግዳው የቀዳዳውን ስፋት ያህል የሚወፍረውም ለዚሁ ነው።

ከጥንካሬው በላይ እኔን የገረመኝ የልኩ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በአንድ ምት ወደ አንድ ሲሊንደር የሚረጨው ናፍታ ሙሉ ጭነት ላይ ከ50 እስከ 70 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም አንድ የውሃ ጠብታ ማለት ነው። የውስጥ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ግን ወደ 1,900 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ናፍታ ይይዛል፤ የሠላሳ ምት ያህል መሆኑ ነው። ናፍታ ደግሞ እንደምናስበው ፈጽሞ የማይታመቅ አይደለም። በ500 ባር ግፊት ሦስት በመቶ ገደማ ይታመቃል፤ የ1,900 ሦስት በመቶ ስንት እንደሆነ ያሰላ ሰው ከአንዱ ጠብታ ጋር እኩል ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ቱቦው ናፍታ የሚያልፍበት መንገድ ብቻ ሳይሆን የመርጫው ሥርዓት አንድ አካል ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር የነበረውን ቀዳዳ በ3 ሚሊ ሜትር የቀየረ ሰው በውስጡ የሚታመቀውን ናፍታ ከእጥፍ በላይ ስላደረገው፣ ፖምፓው በትክክል የለካውን ጠብታ ሞተሩ በትክክል አያገኘውም።

ይህ ሁሉ ሳይገባኝ በፊት መጀመሪያ ያደረግሁት ጥርስ መለካት ነበር። ኢንጀክተሮቹ ላይ ያለው ጥርስ ዲያሜትሩ 14 ሚሊ ሜትር ሆኖ በጥርስና በጥርስ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት አለው፤ ፖምፓው ላይ ያለው ደግሞ በዚያው 1.5 ርቀት ዲያሜትሩ 12 ነው። ሁለቱም በናፍታ ሞተሮች ላይ እጅግ የተለመዱ ናቸው። ችግሩ ገበያው ውስጥ ከእነዚህ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ግን ያልሆኑ ጥርሶች ሞልተው መኖራቸው ነው። በኢንች የሚለካው የእንግሊዞቹ ሩብ ኢንች የቧንቧ ጥርስ የውጪ ዲያሜትሩ 13.16 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.34 ነው። አሜሪካኖቹ ለሃይድሮሊክ የሚጠቀሙበት የዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ጥርስ ደግሞ 14.29 ሚሊ ሜትር ሲሆን ርቀቱ 1.41 ነው። ዓይን እነዚህን ከ12 እና ከ14 አይለያቸውም፤ እጅም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች አይለያቸውም።

እኔም በዚህ ተያዝኩ። የሃይድሮሊክ ጎማ የሚሸጥና የሚገጥም አንድ ሱቅ ውስጥ ልጁ ናሙናዬን አይቶ ከመሳቢያው አንድ ፊቲንግ አወጣና «ይኸው፣ የራሱ ነው» አለኝ። እውነት ለመናገር ውስጡን ሳየው እኔም አመንኩት፤ ምክንያቱም የኮኑ፣ የሾጣጣ መቀመጫው፣ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነበር። የናፍታ መርጫ ቱቦዎችም የሚቀመጡት በ60 ዲግሪ ኮን ላይ ነው፤ በሃይድሮሊክ ዕቃ ግን ከዚህ ሌላ በ24 ዲግሪ የሚቀመጥ አለ፣ ከመሐል መስመሩ 37 ዲግሪ ተብሎ የሚለካም አለ፣ እነዚህን ለይቼ ማወቄ ያኮራኝ ነበር። ኮኑ ልክ ነው ብዬ ጥርሱን ሳልለካ ገዛሁት። የፖምፓው መውጫ ላይ ሳስረው ሦስት ዙር ያህል በእጄ ሄደ፣ ከዚያ ጠበቀ፤ መጥበቁን እንደ መግጠም ቆጠርኩት። እውነታው ግን ፊቲንጉ ላይ ያለው የሩብ ኢንች ዳዶ የ12ቱን ጥርስ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነክሶ፣ የጥርሶቹ ርቀት ስላልተስማማ ደግሞ ተጣሞ መቆሙ ነበር።

ዕድሌ ሆኖ ያንን ጉዳይ ሞተሩ ላይ አልሞከርኩትም። የናፍታ ፖምፓ የሚጠግነው ፖምፒስታ ኢንጀክተር የሚፈትንበት የእጅ ፓምፕ ስላለው ልክ እንደ ፖምፓው ባለ 12 መውጫ አሰርንና ጫፉን ዘግተን ቀስ ብለን ጫንነው። የግፊት መለኪያው መርፌ 150 ባርን ትንሽ አልፎ ሲሄድ ዳዶው ከነጥርሱ ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታ። ፖምፒስታው ምንም አልተናገረም፤ ዳዶውን ከመሬት አንሥቶ በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሱቁን አልወቅስም፤ የጥርስ መለኪያው ኪሴ ውስጥ እያለ ያልተጠቀምኩበት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ሐሳብ የሰጡኝም ነበሩ፤ ሁለቱን ጫፎች በሃይድሮሊክ ጎማ ማገናኘት። ሁለት የሽቦ ድርብ ያለው የሩብ ኢንች የሃይድሮሊክ ጎማ የሥራ ግፊቱ 400 ባር ስለሆነ በመጀመሪያ ሲሰሙት የማይሆን አይመስልም። ነገር ግን ጎማ በየምቱ ያብጣል። ጠብታዋን ለመርጨት የተነሣው ግፊት ጎማውን ለማስፋት ይውላል፣ ምቱ ሲያበቃም ያበጠው ጎማ ሲመለስ ኢንጀክተሩ በወቅቱ መዘጋት ሲገባው ያንጠባጥባል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ደግሞ መጨረሻው ጭስና የተቃጠለ ፒስተን ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሽማግሌው የሄድኩት። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ አብራ የተወለደች ከተማ ናት፤ የባቡሩ ትልቅ ጋራዥ እዚሁ ስለነበረ ብረት መቁረጥና ማስተካከል ከአባት ወደ ልጅ የወረደባቸው ቤቶች አሁንም አሉ። ሽማግሌው በዚያ ጋራዥ ቶርኖ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው፣ አሁን በግቢያቸው አንድ አሮጌ ማሽን ይዘው ይሠራሉ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይሠራም፤ ልጅም ሽማግሌውን «አንተ» ብሎ ያልፋል፤ ለእሳቸው ግን እኔ ደፍሬ አላውቅም። የሄድኩት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር፤ ከተማው ሁሉ በሙቀቱ በሩን ዘግቶ ጫቱን ይዞ በተቀመጠበት ሰዓት ሥራ ይዞ መሄድ ነውር እንደሆነ እያወቅሁ። እሳቸው ግን ናሙናዬን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ጫፉን በጥፍራቸው ዳሰሱት፣ «ዳዶውን ነገ እሠራልሃለሁ፤ ይህን ጭንቅላት ግን ቶርኖ አይሠራውም» አሉኝ።

ጭንቅላት ያሉት የቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን እብጠት ነው። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ተለይቶ የተሠራና በቱቦው ላይ የተበየደ አካል ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ፋብሪካው ያንን ጫፍ የሚሠራው ቱቦውን አጥብቆ ይዞ፣ ጫፉን በከፍተኛ ኃይል ወደ ውስጥ በመጨፍለቅ ነው፤ ብረቱ ራሱ ተሰብስቦ ወፍሮ የኮኑን ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ ጭንቅላቱና ቱቦው አንድ ብረት ናቸው። ዳዶው ደግሞ ሁለተኛው ጫፍ ከመጨፍለቁ በፊት ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ ሁለቱም ጫፎች ከተሠሩ በኋላ ዳዶ ማውጣትም ማስገባትም አይቻልም። ቱቦውን የሚያሸገው ጎማም ሮንዴላም ሳይሆን የብረቱ ኮን በብረቱ መቀመጫ ላይ ሲጫን የሚፈጠረው ቀጭን የቀለበት ንክኪ ነው። ዳዶው ይህን ጭንቅላት ከመግፋት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ የፈለግሁት ገፊውን ነበር።

«ጫፉን በቶርኖ አውጥተን በነሐስ ብንበይደውስ?» አልኳቸው። እንዲህ የተሠራ ቱቦ በከተማው ውስጥ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ሥራ ላይ የሚቆየውን ጊዜ ግን ማንም አይነግርህም። እሳቸው የመለሱልኝ በአንድ ጥያቄ ነበር፤ «ማነው አጠገቡ የሚቆመው?» አሉኝ። ኤረር ላይ ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያጠፋው የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ብየዳ አላነሣሁም።

ከዚህ ወዲያ ፍለጋው መልኩን ቀየረ። ፊቲንግ መጠየቄን ትቼ ከፈረሱ ሞተሮች ላይ የወረዱ ሙሉ ቱቦዎችን መጠየቅ ጀመርኩ፤ ያን ጊዜ ዕቃው እንደ ጉድ ይገኝ ጀመር። ፖምፓና ኢንጀክተር ሲሸጥ ቱቦው ብዙ ጊዜ ተጣምሞ ጥግ ላይ ይጣላል፤ ማንም ዋጋ አይሰጠውም። የተሻለውን ያገኘሁት ደንገጎን ወጥቼ ሐረር ከአንድ የአሮጌ መኪና ማፍረሻ ግቢ ነው፤ ከባለስድስት ሲሊንደር የጭነት መኪና የወረዱ፣ እርስ በርሳቸው በሽቦ የታሰሩ ስድስት ቱቦዎች፣ ሁሉም እኩል 68 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለቱም ጫፍ ባለ 14 ዳዶ።

እንዲህ ዓይነት ቱቦ ስገዛ የምመለከታቸውን ነገሮች መግለጽ የሚጠቅም ይመስለኛል። መጀመሪያ ኮኑን ነው የማየው፤ ዙሪያውን አንድ የሚያብረቀርቅ ቀጭን ቀለበት ካለው ደህና ነው፤ ቀለበቱ ከተቆረጠ፣ ወይም በጥፍር የሚያዝ ጭረት ካቋረጠው አልገዛም። ቀጥሎ 2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በእጄ ይዤ በጫፉ አስገባለሁ። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ቱቦ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ለዓመታት ከመጠን በላይ እየጠበቀ የታሰረ ቱቦ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ይሰበሰብና ቀዳዳው አፉ ላይ ይጠባል። ከስድስቱ ሁለቱ መሰርሰሪያዋን አላሳለፉም፤ አራት ቀሩ፣ እኔም የምፈልገው አራት ነበር። ከዚያ በኋላ ዝገትን አያለሁ፣ በተለይ ቱቦዎቹን አንድ ላይ የሚይዘው ክላምፕ በነበረበት ቦታ፤ ክላምፕ ሥር የተበላ ቱቦ ከውጭ ሲታይ ቀለም የለቀቀ ብቻ ይመስላል።

የርዝመታቸው እኩል መሆን የውበት ጉዳይ አይደለም። የግፊቱ ሞገድ በናፍታ ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 1,400 ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ቱቦ ከሌላው 10 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ሞገዱ ወደ 0.07 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፣ ይህም በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ አንድ ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው የክራንክ ሻፍት መዞር ነው። ሦስት ሲሊንደሮች በሰዓታቸው ሲረጩ አንዱ ዘግይቶ ቢረጭ ሞተሩ ይዞራል፣ ግን እንደሚያነክስ ሰው ይሆናል። ፖምፒስታው በመፈተኛ ማሽኑ ላይ አራቱን መውጫዎች እኩል ሲያደርጋቸው የሚጠቀመው በማሽኑ ላይ ባሉት እኩል በሆኑ ቱቦዎች ነው፤ እኔ ሞተሩ ላይ የተለያየ ርዝመትና ስፋት ያላቸውን ብሰካበት የእሱን ሥራ አፈረስኩት ማለት ነው።

አሁን የቀረው አንድ ችግር ነበር፤ ቱቦዎቼ በሁለቱም ጫፍ 14 ናቸው፣ ፖምፓዬ ግን 12 ነው። ዳዶው እንደማይወጣ ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። በአንድ ጫፍ 12 በሌላው 14 የሆነ፣ እኩል የሆነ፣ ያልተበላ አራት ቱቦ ፍለጋ ሌላ ሦስት ወር መዞር ታየኝ። መፍትሔውን የሰጠኝ ፖምፒስታው ነው፤ ያው ዳዶውን መዳፌ ላይ ያስቀመጠው። «ቱቦውን ከምትቀይር ፖምፓውን ለምን አንቀይረውም?» አለኝ። የፖምፓው መውጫዎች ከአካሉ ጋር አንድ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ከሥራቸው ያለውን ትንሽ ቫልቭና ምንጭ ይዘው የሚቀመጡ፣ በመፍቻ የሚፈቱ መያዣዎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የታችኛው ጥርሳቸው አንድ ሆኖ የላይኛው 12 የሆነም፣ 14 የሆነም አለ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ የሚያውቀው ሰው ጋ ደወለ፤ በአራተኛው ቀን አራት ያገለገሉ ባለ 14 መያዣዎች በአውቶቡስ ደረሱን። ቫልቮቹን ከየቦታቸው እንዳይቀያየሩ በተራ አስቀምጦ ማሸጊያቸውን በአዲስ ቀየረና፣ ፖምፓውን እንደገና ማሽኑ ላይ አውጥቶ ልኩን አስተካከለው። ይህን የመጨረሻውን ለመዝለል ፈልጌ ነበር፤ አልፈቀደልኝም።

የማጣመሙን ሥራ ራሴ ሠራሁት። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቱቦ እንደ መዳብ ቧንቧ አይጨፈለቅም፣ አሸዋ መሙላትም እሳት ማስነካትም አያስፈልገውም፤ ቀዝቃዛውን ክብ ብረት ላይ በዝግታ መሳብ ይበቃል። እኔ ከ25 ሚሊ ሜትር ራዲየስ በታች አላጠፍኩም። ዋናው ጥንቃቄ አንድን ቦታ ሁለት ጊዜ አለማጣመም ነው፤ ፋብሪካው ያጠፈውን መልሼ ላቃናው ስል ብረቱ ይደነድናል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ስለዚህ የነበሩትን እጥፋቶች እንዳሉ ተቀብዬ ቀጥ ባለው ክፍል ላይ ብቻ አዳዲስ እጥፋቶች ጨመርኩ። መጀመሪያ የእያንዳንዱን መንገድ በወፍራም ሽቦ እየቀረጽኩ፣ ቅርጹን ወደ ቱቦው አስተላለፍኩ። ለመጀመሪያው ሲሊንደር ርዝመቱ በልኩ ሆነ፤ ለፖምፓው ቅርብ ለሆነው ለአራተኛው ግን ትርፍ ርዝመቱን የሚውጥ ሰፊ ዙር መሥራት ነበረብኝ፤ የእህቴ ባል አይቶት «ይሄኛው ለምን ይዞራል?» ብሎ ሳቀብኝ። መልካቸው አንድ ዓይነት አይደለም፣ ርዝመታቸው ግን አንድ ነው።

ቱቦው ከእያንዳንዱ ጫፍ ተነሥቶ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ መሄድ እንዳለበት እዚህ ላይ ልጨምር። ዳዶው ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ ካላገኘ መፍታትም ማሰርም አይቻልም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቱቦው ሳይጎተትና ሳይገፋ፣ ዳዶው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው እስኪሄድ ድረስ ኮኑ መቀመጫው ላይ ራሱ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። በመፍቻ ጉልበት ተጎትቶ የገባ ቱቦ ለጊዜው ያሽጋል፤ ንዝረቱ ግን ቀን ከሌሊት ጭንቅላቱ ሥር ይሠራበታል፣ የሚሰበረውም ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው። አራቱን ቱቦዎች ጎማ ባላቸው ክላምፖች ሁለት ሁለት አድርጌ አሰርኳቸው፤ ይህን ክላምፕ የማፍረሻ ግቢዎች ከቱቦው ይልቅ በፍጥነት ይጥሉታል፤ ሲገኝ አብሮ መግዛት ይሻላል።

ጽዳቱን ቸል ማለት አይገባም። በኢንጀክተሩ ጫፍ ባለው ኖዝል መርፌና ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር ሺህኛ የሚለካ ነው፤ ማፍረሻ ግቢ ውስጥ ዓመት የተኛ ቱቦ ደግሞ ውስጡ አቧራና ዝገት ነው። በንጹህ ናፍታ አጠብኩ፣ በኮምፕረሰር ነፋሁ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ምንም ምልክት እስከማይተው ድረስ ደጋገምኩ፣ ከዚያም እስከሚገጠሙ ድረስ ጫፎቻቸውን በፕላስቲክ ክዳን ደፈንኩ። የዛገውን አቧራ ያየ ሰው ይህን ደጋግሞ ማድረግ አይታክተውም።

ዳዶዎቹን ያሰርኩት ጎኑ ክፍት በሆነ፣ ቱቦውን አሳልፎ ዳዶውን ከአምስት ጎን በሚይዝ መፍቻ ነው፤ የጠበቁትም በ27 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ብዙ መካኒኮች ሲያንጠባጥብ አጥብቅ ይላሉ፤ እኔ ከመሰርሰሪያዋ ፈተና የወደቁትን ሁለት ቱቦዎች ካየሁ በኋላ ተቃራኒውን ነው የማደርገው። የሦስተኛው ሲሊንደር ዳዶ መጀመሪያ ሲነሣ ወዝቶ ነበር፤ ፈትቼ፣ ኮኑን ጠርጌ፣ ቱቦውን ትንሽ አዙሬ እንደገና ሳስቀምጠው በዚያው ጥብቀት ደረቀ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መናገር አለብኝ። የዚህ ቱቦ ማንጠባጠቢያ በእጅ አይፈለግም። አየሩን ለማስወጣት ኢንጀክተሩ ጋ ያሉትን ዳዶዎች ላላ አድርጎ ሞተሩን ማዞር የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን ቀዳዳው በዓይን የማይታይ ቢሆንም የሚወጣው ጨረር ቆዳን ይበሳል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ብቻ ስለሚመስል፣ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ስለሚሆን ሰው ታጥቦ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ውስጥ የገባው ናፍታ ግን ሥጋውን ይገድላል፣ ጣት እስከ ማስቆረጥም ያደርሳል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ሄዶ በከፍተኛ ግፊት የተረጨ ናፍታ እንደገባበት በግልጽ መናገር አለበት፤ ወዲያው በቀዶ ሕክምና መከፈት የሚያስፈልገው ጉዳት ነውና። እኔ ማንጠባጠቢያ የምፈልገው ረዘም ባለ የካርቶን ቁራጭ ነው፤ የእህቴን ልጅም ካርቶኑን ሞተሩ አጠገብ በምስማር ሰቅዬለት በዚያ እንዲጠቀም አስምየዋለሁ።

ሞተሩ ኤረር ላይ ከተተከለ አሁን አምስተኛ ወሩ ነው። የማጣመሚያውን ሽቦዎች አልጣልኳቸውም፤ እያንዳንዳቸው ላይ የሲሊንደሩን ቁጥር ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። መሰርሰሪያዋን ካላሳለፉት ሁለት ቱቦዎች አንዱን ቆርጬ ጭንቅላቱን በርዝመቱ ለሁለት ሰነጠቅሁት፣ ቀዳዳው አፉ ላይ እንዴት እንደተሰበሰበ ለጠየቀኝ ሁሉ አሳየዋለሁ። የቀድሞዋን ናሙና ሽማግሌው ጋ ትቻት ወጥቼ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ስሄድ ቶርኖው ላይ እንደ ወረቀት መያዣ ተጠቅመውባት አገኘኋት። አምስተኛ፣ መጠባበቂያ የሚሆን 68 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ ሐረር ለጉዳይ በሄድኩ ቁጥር ያንን ግቢ ጎራ እላለሁ።